ሐርጌሳ ላይ ሶላር ስናስገባ ጣራውን ለማን እንስጥ?

ሐርጌሳ ውስጥ ሶላር ለማስገባት ገንዘብ የሚያጠራቅም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ስለ ፓኔሉና ስለ ባትሪው ነው። ስንት ዋት ነው፣ ባትሪው አሲድ ነው ወይስ ሊቲየም፣ ፍሪጅ ይችላል አይችልም፣ ምናምን። ጣራው ላይ የሚወጣው ሰው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ፓኔል ቢበላሽ ገንዘብ ሲገኝ ይተካል። የተከራየነው ቤት ጣራ ሲበሳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዝናቡ አልጋ ላይ ይወርዳል፣ አከራዩ ይቆጣል፣ ከዚያም ዕቃችሁን አውጡ ሊባል ይችላል። ስደተኛ ደግሞ ቤት ልቀቅ ሲባል ዘመድ ቤት የሚያርፍበት አገር ላይ አይደለም ያለው። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ስለ ፓኔል ምርጫ ሳይሆን ጣራችን ላይ ስለሚወጣው ሰው ነው።

እኔ የካምፕ ልጆች የማስተምር ሰው ነኝ እንጂ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ሶማሊኛ ማንበብና መጻፍ ስለምችል ጎረቤቶቼ ውል ሲጻፍ ይጠሩኛል። በዚህ ምክንያት ብዙ ጣራና ብዙ ጭቅጭቅ አይቻለሁ።

ለምን ሶላር እንደሚፈለግ ለሐርጌሳ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለሌላው አገር አንባቢ ግን አንድ ነገር ልበል። እዚህ መብራት የሚሸጡት የግል ኩባንያዎች ናቸው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ወደ አንድ ዶላር የሚጠጋበት ጊዜ ነበር። ትናንሾቹ ኩባንያዎች ተዋህደው እንደ ሶምፓወር ያሉት ትልልቆቹ ከመጡ ወዲህ ዋጋው ወርዷል፤ አዲስ አበባ ላይ ከምናውቀው ሒሳብ ጋር ግን አሁንም አይወዳደርም። ለዚህ ነው ሁለት አምፖልና የስልክ ቻርጅ ብቻ የሚፈልግ ቤተሰብ እንኳ ፓኔል የሚያየው።

መጀመሪያ ጣራችሁን እወቁ

ጨርቅና እንጨት የሆነ መጠለያ ውስጥ ያለ ሰው ጣራ ላይ ምንም አያስቀምጥ። ለእሱ የሚሻለው አጠገቡ ምሰሶ ተክሎ ፓኔሉን እዚያ ላይ ማሰር ነው። ምሰሶው መሠረቱ በሲሚንቶ ይሞላ እንጂ በአፈር ብቻ አይቀበር።

ጣራው ሲሚንቶ ከሆነ፣ ሶማሌዎቹ ሰቀፍ የሚሉት ማለት ነው፣ ክብደት አያሳስባችሁም። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ይህን የሚያህል ሮቶ የተሸከመ ጣራ በካሬ ሜትር 11 ኪሎ ገደማ የሆነ ፓኔል አይከብደውም። እዚህ የሚያሰጋው ፉንዲው በትራፓኖ ሰቀፉን መብሳቱ ነው። አንዴ የተበሳ ሰቀፍ ውሃውን ቀስ እያለ ወደ ፌሮው ይወስደዋል፤ ፌሮው ይዝጋል፣ ከዓመታት በኋላ ሲሚንቶው እየተፈረፈረ ይወርዳል። ስለዚህ ሰቀፍ ላይ የብረት እግር ተሠርቶ በብሎኬት ወይም እዚያው በሚሞላ ኮንክሪት ክብደት ይያዝ። ሰቀፉን ካልበሳሁ የሚል ሠራተኛ ከመጣ ሌላ ፈልጉ።

አብዛኞቻችን የምንኖረው ግን ቆርቆሮ ሥር ነው። ሶማሌዎቹ ጂንጋድ ይሉታል። ጭቅጭቁም የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ቆርቆሮ በጌጅ ይለካል፤ አገር ቤትም 28፣ 32፣ 35 እያልን ስንገዛ የኖርነው ይሄው ነው። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል። ርካሽ የኪራይ ቤቶች ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ስሱ ነው፤ ያረጀ ከሆነ ደግሞ በካቻቪቴ ጫፍ ጫን ስትሉት ይበሳል። እንዲህ ዓይነት ጣራ ላይ ፓኔል የሚይዘው ቆርቆሮው ሳይሆን ከሥሩ ያለው እንጨት ወይም ብረት ነው። ቡሎኑ እንጨቱን ካላገኘ ፓኔሉ የተሰቀለው ወረቀት ላይ ነው ማለት ይቻላል።

የንፋስን ነገር ብዙ ሰው አቅልሎ ያየዋል። በሶማሊላንድ የሐጋ ወራት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ገደማ፣ ንፋሱ ምን ያህል እንደሆነ እዚህ የኖረ ያውቃል። በሰዓት 70 ኪሎሜትር የሚነፍስ ንፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 23 ኪሎ የሚጠጋ ኃይል ያሳርፋል። ባለ 400 ዋት ፓኔል ስፋቱ ሁለት ካሬ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ ደግሞ 22 ኪሎ ገደማ ነው። ከሥሩ የገባ ንፋስ ከራሱ ክብደት እጥፍ በሆነ ኃይል ሊያነሳው ይችላል ማለት ነው። ፓኔሉ ሲነሳ ደግሞ ቆርቆሮውን ይዞ ነው የሚሄደው። ድንጋይ ጭነንበታል የሚሉ ሰዎች አሉ። ድንጋዩ ፓኔሉን አይዘውም፤ ንፋሱ ካንከባለለው ደግሞ ከታች ያለ ሰው ላይ ይወድቃል።

የሶላር ሰውና የጣራ ሰው

የሶላር ሱቆች ሲሸጡ ብዙ ጊዜ መግጠሚያው በነፃ ነው ይላሉ። ደስ ይላል። ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ ጣራው ላይ የሚወጣው ማን ነው? ሽቦ የሚያውቅ ልጅ ጣራ ያውቃል ማለት አይደለም። ኢንቨርተሩን አሳምሮ ይገጥምና ቆርቆሮው ላይ ተራ ምስማር መትቶ ይሄዳል። በኔ አስተያየት ሁለቱን ሥራ መለየት ይሻላል፤ ለሽቦው የሱቁ ቴክኒሺያን፣ ለጣራው ደግሞ ቆርቆሮ መግጠም ሥራው የሆነ ፉንዲ። ትንሽ ያስወጣል፤ ጣራ ከማስቀየር ግን በጣም ይቀንሳል። ሱቁ ሁለቱንም እኔ እችላለሁ ካለ፣ እሺ፣ ጣራው ካፈሰሰ የምትጠግነው አንተ ነህ ብሎ የሚፈርም ሰው ያምጣ።

እዚህ ላይ የሚነሳ ሌላ ጥያቄ አለ፦ የራሳችንን ሰው እንቅጠር ወይስ የአገሬውን? ሐርጌሳ ውስጥ በግንባታ ሥራ የሚያድር ሐበሻ ብዙ ነው፤ እጃቸው ጥሩ የሆኑ አናጢዎችና ግንበኞች አሉ። ቋንቋውም ይመቻል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ነገር ግን ችግር ሲመጣ እሱም እኔም አከራዩ ፊት የምንቆመው እኩል ነው፤ ሁለታችንም ሰው የለንም። እኔ ሁልጊዜ የምመክረው ሽቦውን የራሳችን ቴክኒሺያን እንዲሠራ፣ ጣራውን ግን አከራዩ የሚያውቀው ፉንዲ እንዲነካ ነው። አንዳንዶች አከራዩ የሚያመጣው ሰው ያስወድዳል ይላሉ። እውነት ነው፣ ሊያስወድድ ይችላል። ግን አከራዩ ራሱ የመረጠው ሰው ጣራውን ቢያበላሽ ጥፋቱ እናንተ ላይ አይለጠፍም። የዋጋው ልዩነት ለዚህ የሚከፈል ነው።

አገር ቤት ስለ ሶላር ጥሩ የሚወሩ ቦታዎችን ብታዩ ነገሩ ይገባችኋል። በሰሜን ሸዋ ሬማ የምትባለው መንደር ላይ የጀርመን የሶላር ፋውንዴሽን ለመንደሩ ቤቶች ሶላር ሲያስገባ እዚያው የቴክኒሺያን ማሰልጠኛ ከፍቶ ነበር። በሶማሌ ክልል መልካዲዳ አካባቢ ባሉት ካምፖችም ከኢኬያ ፋውንዴሽን በተገኘ ድጋፍ ስደተኞችና የአካባቢው ሰዎች አብረው የሶላር ኅብረት ሥራ ማኅበራት አቋቁመዋል። በሁለቱም ቦታ ገጣጣሚው ጎረቤት ነው፤ ቢያፈስ በሩ ይንኳኳል። እኛ ከተማ ውስጥ ተበትነን የምንኖር ሰዎች ይሄ የለንም፤ ስለዚህ በውልና በዋስ መሙላት አለብን።

ፉንዲውን ስንመርጥ

ዋጋውን በስልክ የሚነግር ሰው አይሁን። ጣራውን ሳያይ ዋጋ የሚያውቅ ፉንዲ የለም። ጎበዙ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገባው ወደ ውስጥ ነው፤ ቀና ብሎ እንጨቶቹ የት የት እንዳሉ፣ ብስባሽ ወይም ምስጥ የበላው እንዳለ ያያል። ኮርኒስ ካለ በየት በኩል ማየት እንደሚቻል ይጠይቃል። ቤቱ የማን እንደሆነ ከጠየቀ ደግሞ ይበልጥ እመኑት፤ ነገ የሚመጣውን ያውቃል ማለት ነው።

ከዚህ በፊት የሠራውን ቤት አሳየኝ በሉት። ይሄን ሁሉም ሰው ይላል፤ ግን አብዛኛው የሚያየው ባለፈው ሳምንት የተሠራውን ነው። ባለፈው ሳምንት የተሠራ ጣራ ሁሉ ጥሩ ነው። ማየት ያለባችሁ ቢያንስ አንድ የጉ ዝናብ፣ ማለትም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለውን፣ ያሳለፈ ጣራ ነው። ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ እዩት። ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ፣ እንጨቱ ላይ የወረደ ቡኒ መስመር፣ ኮርኒሱ ላይ የደረቀ የውሃ ክብ ካለ ተመለሱ። የቤቱን እመቤት ለብቻዋ ጠይቋት፤ ባልየው ጥሩ ነው ብሎ ይሸኛችኋል፣ ባልዲ የምትደቅነው ግን እሷ ናት።

ዕቃውንም እዩ። ትራፓኖ፣ ገመድ፣ ቆርቆሮ ላይ ሲራመድ የሚያነጥፈው ጣውላ፣ የማይወዛወዝ መሰላል። መዶሻና ምስማር ብቻ ይዞ የመጣን ሰው በአክብሮት ሸኙት። አነጋገራችሁ ደግሞ ይጠንቀቅ፤ እዚህ አገር ላይ በዕድሜ ከፍ ያለን ሰው አደር፣ እኩያን ወላል ብሎ መጀመር ግማሹን ሥራ ይሠራል። ሰው ፊት ማዋረድ አይወዱም፤ ማንስ ይወዳል።

ዋስ፣ ውልና ክፍያ

በሶማሌ ማኅበረሰብ ውስጥ አንድ ሰው ሲያጠፋ ብቻውን አይቆምም። ጎሳው፣ ዓቂሉ፣ ዘመዶቹ ይጠራሉ፤ ነገሩ በሽምግልና ያልቃል። በሁለት የአገሩ ሰዎች መካከል ከሆነ ይሄ ከፍርድ ቤት ይፈጥናል። እኛ ግን ከወገናችን የሚቆም ዓቂል የለንም። ስለዚህ ከፉንዲው ችሎታ ቀጥሎ የምጠይቀው ዳሚኑ ማን እንደሆነ ነው። ዳሚን ማለት ዋስ ነው። ሱቅ ያለው፣ ቦታው የሚታወቅ ሰው ይሁን፤ የቆርቆሮ ነጋዴ፣ የብየዳ ቤት ባለቤት፣ ወይም ራሱ አከራዩ። ስልክ ቁጥር ብቻ ያለው ዋስ ዋስ አይደለም።

ውሉ፣ ሄሺስ የሚሉት፣ ረጅም አይሁን። ለትልቅ ሥራ ኖታዮ ጋ መሄድ ጥሩ ነው፤ ለአንድ ሁለት ፓኔል ግን አንድ ገጽ በሶማሊኛ ተጽፎ ሁለት ምስክር ቢፈርምበት ይበቃል። እኔ የምጽፈው ፍሬ ነገር ይሄን ይመስላል፦

«እኔ ፉንዲው በዚህ ቤት ጣራ ላይ ይህን ያህል ፓኔል የሚይዝ የብረት እግር እገጥማለሁ። የቤቱ ባለቤት ሥራውን አውቀው ፈቅደዋል፣ ፈርመዋል። ቡሎኖቹ ከቆርቆሮው ሥር ያለውን እንጨት ይይዛሉ፤ እያንዳንዱ ጎማ ያለው ሮንዴላ ይኖረዋል። እኔ በነካሁበት ቦታ እስከሚቀጥለው የዝናብ ወቅት መጨረሻ ድረስ ቢያፈስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እጠግናለሁ። በሥራው ላይ እኔ ወይም ያመጣሁት ሠራተኛ ብንጎዳ ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ተከራዩ ቤቱን ሲለቅ ፓኔሉና እግሩ የተከራዩ ንብረት ነው።»

ስለ ጉዳት የሚለውን መስመር አትተዉት። ቀን ሠራተኛ ከጣራ ሲወድቅ ካሣ የሚጠየቀው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ሳይታሰብ ተከራዩ ላይ ሊዞር ይችላል። ያ የወደቀው ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የኛው ልጅ ነው። ገመድ ሳያስር ከወጣ ሥራውን አስቁሙ፤ የአንድ ሰዓት መዘግየት ነው።

የአከራዩ ፊርማ ከሁሉ ይበልጣል። ኪራይ ይጨምርብኛል ብሎ በድብቅ የሚያስገጥም ሰው አለ፤ ፓኔል ግን ከመንገድ የሚታይ ነገር ነው፣ ድብቅ አይሆንም። አደር ቤቱ ላይ ምልክት ሳልተው ነው የምሠራው፣ የእርስዎን ሰው ይምረጡልኝ ሲባል እምቢ የሚል አከራይ ብዙ አላየሁም።

ክፍያ በሦስት ይከፈል። ሥራው 100 ዶላር ነው እንበል። ዕቃ መግዣ 30 ቀብድ፣ ዓርቡን ይሉታል፤ ገጥሞ ሲጨርስ 50፤ የቀረው 20 ጣራው በውሃ ከተፈተነ በኋላ። ከዚህ በላይ ልያዝ ብትሉ ጥሩ ፉንዲ አይቀበልም፣ እሱም ቤተሰብ አለው። በዛድ ወይም በኢዳሃብ ክፈሉ እንጂ በእጅ አትስጡ። ስልካችሁ ላይ የሚመጣው መልእክት ቀኑንና መጠኑን ይዞ ስለሚቀር ደረሰኝ ነው። ስልክ ይጠፋል፣ ስለዚህ የማስተላለፊያ ቁጥሩን ደብተር ላይ ገልብጡት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ነገሩ ከተበላሸ መጀመሪያ ዳሚኑን፣ ከዚያ አከራዩን ይዛችሁ የሰፈሩን ሽማግሌዎች አናግሩ። የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ክሊኒክም ለድሆችና ለስደተኞች በነፃ ምክር ሲሰጥ የቆየ ቦታ ነው። በሁሉም ቦታ መጀመሪያ የምትጠየቁት ያችን አንድ ገጽ ነው።

የሥራው ቀን

ቤት ዋሉ። ቆርቆሮ ሞገድ አለው፤ ከፍ ያለው ጀርባና ዝቅ ያለው ቦይ። ውሃ የሚወርደው በቦዩ ነውና ቀዳዳ ሁሉ ጀርባው ላይ ይሁን። ቦዩ ላይ ሲበሳ ካያችሁ ወዲያው አስቁሙ። ሲልከን ብቻ ቀብቶ ማለፍም አይሆንም። ጎማው ነው ውሃ የሚይዘው፣ ሲልከን ተጨማሪ ነው።

ብየዳ ካለ መሬት ላይ ተበይዶ፣ አንቲረስት ተቀብቶ ይውጣ። ጣራ ላይ ሲበየድ ፍንጣሪው ኮርኒስ ውስጥ ይገባል፤ የብዙዎቻችን ኮርኒስ ደግሞ ጨርቅ ነው። በፈረንጆች 2022 ኤፕሪል 1 ሌሊት የዋሂን ገበያ ሲነድ ተጠጋግቶ የተሠራ ቦታ ላይ እሳት እንዴት እንደሚሄድ ከተማው በሙሉ አይቷል።

ፓኔሉና ቆርቆሮው መካከል መዳፍ የሚያህል ክፍተት ይኑር። ፓኔል ሲሞቅ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ገደማ ያጣል። ከጣራው ጠርዝም ግማሽ ሜትር ያህል ገባ ይበል፣ ንፋሱ የሚበረታው ጠርዝና ማዕዘን ላይ ነው። ስለ አቅጣጫ ብዙ አትከራከሩ። ሐርጌሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ አናት ላይ ነው የምትሄደው፤ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ 10 ዲግሪ ያህል ቢያጋድል ይበቃል፣ አቧራውም በዝናብ ይታጠባል። የጎረቤት ሮቶ ጥላ ግን ብዙ ይጎዳል።

ፓኔል ፀሐይ እስካየ ድረስ አይጠፋም፤ ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። ሁለት ሦስቱ በተከታታይ ሲያያዙ የሚያመነጩት ኮረንቶ ሰው ሊገድል ይችላል። ሽቦ እስኪገጠም ድረስ ብርድ ልብስ ይልበስ። ይሄን ለልጆቻችሁም ንገሩ። ተማሪዎቼ ፓኔል ልንጠርግ ብለው ጣራ ላይ እንደሚወጡ ሲያወሩ ሰምቼ ክፍል ውስጥ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተምሬበታለሁ።

ሲጨርስ ሁለት ጀሪካን ውሃ በየቀዳዳው ላይኛው በኩል ቀስ ተደርጎ ይፍሰስ። ውሃ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለዚህ ግን አትሳሱ። አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ በባትሪ እያበራ ይይ። ሥራው የተሠራው በጂላል፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ወቅት ከሆነ፣ ፉንዲውን ዝናብ እስኪመጣ ወራት ማስጠበቅ አግባብ አይደለም። የጀሪካኑን ፈተና ካለፈ 20ውን ስጡት፤ ዝናቡን በዋሱና በውሉ ትጠብቃላችሁ። በዝናብ ወራት ከሆነ ግን የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ይውረድ፣ ከዚያ ይከፈል።

ቤት ስትለቁ ፓኔሉን የሚያወርደው ከተቻለ ያው ፉንዲ ይሁን። ቡሎኖቹን በሙሉ ነቅሎ ቀዳዳውን ከመድፈን ይልቅ ብረቱን አውጥቶ ቡሎኖቹን ከነጎማቸው መልሶ እዚያው ማጥበቅ ይሻላል። አከራዩ ባለበት ይሠራ፣ ከውስጥም ከውጭም ፎቶ ይነሳ። የሚቀጥለው ተከራይ ሶላር ካለው ደግሞ ቀዳዳው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።